ሥራ ጠፍቶ ቤት ሲናጋ፦ መገናኛ አካባቢ የሄድንበት የጋብቻ ምክር ቢሮ

ትዳር ሲናጋ እኛ አገር መጀመሪያ የሚታሰበው ሽማግሌ ነው። ቀጥሎ የንስሐ አባት። ገንዘብ ከፍሎ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ለብዙ ሰው አሁንም እንግዳ ነገር ነው። ይህን የምጽፈው እንሂድ አንሂድ እያላችሁ ለምታመነቱ ባለትዳሮች ነው።

ባለቤቴ የቱሪስት ሹፌር ነው። ቤታችን የቆመው በጎንደር፣ በላሊበላና በአክሱም መንገድ ነበር። በ2012 ኮሮና መጣና እንግዳ ቆመ። በ2013 ጥቅምት ሰሜን ላይ ጦርነቱ ተነሳ። በ2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም እፎይ አልን፤ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ግጭት ተቀሰቀሰ። ኪራዩም የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያም በእኔ የነርስ ደመወዝ ላይ ወደቀ። በዚያ ላይ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ኑሮው ይባስ ከበደ።

እኛ ቤት ጩኸት አልነበረም። ኩርፊያ ነበር። እኔ «ዘይት አልቋል» ስል እሱ የሚሰማው «አንተ አላመጣህም» የሚል ነው። እሱ ዝም ሲል እኔ የሚሰማኝ «አንቺ ምን አገባሽ» ነው። እንዲህ ሆኖ ቀናት ይገፋሉ።

መጀመሪያ ሽማግሌ ተቀመጠ። አላጣጥላቸውም፤ የባለቤቴ አጎት እስከ ዛሬ እየደወሉ «እንዴት ናችሁ ልጆቼ» ይላሉ። የትኛውም ቢሮ እንዲህ አይከታተልም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ፍቺ የመወሰኑን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ቢሰጥም፣ ተጋቢዎቹ በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እርቅ እንዲሞከር በር ይከፍታል። ግን ሽማግሌ «አንተም ቻል፣ አንቺም ቻይ» ብሎ ያስታርቃል እንጂ ማክሰኞ ማታ ስለ ኪራይ እንዴት እንደሚወራ አያሳይም። እኛ የጎደለን እሱ ነበር።

ወደ ቢሮው ልምጣ። አማካሪዋ በመጀመሪያው ቀን ለየብቻ አናገረችን። እኔን በቀጥታ «ቤት ውስጥ ዱላ አለ ወይ?» አለችኝ። የለም አልኳት። ካለ ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጣ እንደማታማክር፣ መጀመሪያ የሚቀድመው የተጎዳው ሰው ደኅንነት እንደሆነ ነገረችኝ። ያን ጊዜ አመንኳት።

ከዚያ አንድ ላይ አስቀመጠችንና «ገንዘብ ሳይጎድል በፊት በምን ነበር የምትጣሉት?» አለች። ተያየን። ሁለታችንም ጠላታችን ድህነት ብቻ ነው ብለን ነበር። ሲወራ ግን እሱ ለወራት መንገድ ላይ ሲከርም ያልተነጋገርናቸው ነገሮች ወጡ። ቤት ሲውል ነው ፊት ለፊት የገጠሙን።

ጆን ጎትማን የሚባለውን አሜሪካዊ ተመራማሪ ደጋግማ ትጠቅሳለች። ትዳርን የሚያፈርሱ ብሎ የለያቸው አራት ናቸው፦ ጥፋቱን ትቶ ሰውየውን መንቀፍ፣ ንቀት፣ ሁልጊዜ ራስን መከላከል፣ እና ዘግቶ ማኩረፍ። ከሁሉ የከፋው ንቀት ነው ይላል። ባልና ሚስት ከሚጋጩባቸው ጉዳዮች 69 በመቶ ያህሉ ደግሞ ተይዘው የሚኖሩ እንጂ መቋጫ የሚያገኙ አይደሉም ይላል። ይህን ስሰማ ትልቅ ሸክም ወረደልኝ። ሁሉንም ነገር ካልፈታን ትዳራችን አብቅቷል ብዬ እፈራ ነበርና።

በጣም የጠቀመን ግን ቀላል ነገር ነው። ንግግር ሲግል ቢያንስ 20 ደቂቃ መለያየት፣ ግን ሲለያዩ መቼ እንደሚመለሱ መናገር። ባለቤቴ አሁን «ትንሽ ወጣ ልበል፣ ከእራት በፊት እናወራለን» ብሎ ይወጣል። ያቺ «ከእራት በፊት» የምትለው ለእኔ ሁሉ ነገር ናት። ድሮ በሩን ሲዘጋ መቼ እንደሚያናግረኝ አላውቅም ነበር።

የገንዘብ ወሬም ቀን ተቆረጠለት፦ እሁድ፣ ቡና ላይ። መኝታ ሰዓት ላይ ክልክል ነው። የቤቱን ሂሳብ ማን ይያዝ ሲባል አማካሪዋ ባለቤቴን መረጠች። ነዳጅና አበል መዝግቦ የኖረ ሰው ነው። አስቤዛውንም እሱ ይገዛል፣ ከእኔ ይልቅ ዋጋ ይከራከራል። ደመወዙ የእኔ ቢሆንም ቤቱን አብረን እያስተዳደርን ነው። ቀና ብሎ ሲሄድ ማየት ደስ ይለኛል።

ቢሮው ጉድለትም አለው። መጠበቂያው ጠባብ ነው፤ ሰው ከሰው ፊት ለፊት ተፋጥጦ ይቀመጣል፣ የምታውቁት ሰው ሊገጥማችሁ ይችላል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ድምፅ ይሰማል። ለጋብቻ ምክር ቢሮ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ሊያስተካክሉት ይገባል። የአንድ ሰዓት ክፍያው የሳምንት አስቤዛችንን ያህል ነው። አማካሪዋ መጀመሪያ እንግሊዝኛ ታበዛ ነበር፤ ባለቤቴ ሲነግራት ግን ወዲያው አስተካከለች።

የባለቤቴ ሥራ ገና አልተመለሰም። ወደ ደቡብ፣ ወደ አርባ ምንጭና ኮንሶ፣ አልፎ አልፎ ጉዞ ያገኛል። ምክሩን አሁን አራርቀን ነው የምንሄደው። መሄድ ካሰባችሁ በሥራ ቀን ጠዋት ቀጠሮ ያዙ፣ መጠበቂያው ጭር ይላል። ቅዳሜ ቶሎ ይሞላል። ክፍያ ከበዳችሁ ደግሞ በወር አንዴ መምጣት ይቻል እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ፤ እኛ ጠይቀን ተፈቅዶልናል።