ቢኤምደብሊው ኤም5 ኮምፒቲሽን፦ ለመኪናው 9፣ ለግዢዬ 3

ነጥቡን አስቀድሜ ልስጥና ልገላገል። ለመኪናው ከ10 9 ሰጥቻለሁ። ለግዢዬ 3። ሦስቷም የተሰጠችው ቀለሙን ስላሳመርኩ ነው።

መኪናው የ2019 ኤም5 ኮምፒቲሽን ነው። ማርች 2019 ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ አዲሱን ገዛሁት፤ የተነዳው 11 ማይል ብቻ ነበር። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ 121 ሺህ ዶላር ይላል። የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ግብር 4.15 በመቶ ስለሆነ ሌላ 5 ሺህ ዶላር ተጨመረ። ኤፕሪል 2024 ላይ፣ 41 ሺህ ማይል ነድቼው፣ በ57,500 ዶላር ሸጥኩት። ግብሩን፣ ኢንሹራንሱን፣ ነዳጁን ሁሉ ትተን ዋጋው ብቻ 63,500 ዶላር ወረደ። አካፍዬ ሳየው በማይል 1 ዶላር ከ55 ሳንቲም ነው። ቆሞ ያደረበትንም ቀን ጨምሮ፣ በቀን 35 ዶላር ገደማ።

ለምን ገዛኸው ለሚለኝ፦ ዲሲ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ፓርኪንግ ነበር። ኬ ስትሪት ላይ ካለ ሕንፃ ሥር ስድስት ዓመት የሰው መኪና አቁሜያለሁ። አንድ ጠበቃ ኤም5 ነበረው። ጠዋት ቁልፉን ይወረውርልኝና ሊፍት ውስጥ ይገባል። እኔ መኪናውን ከአንደኛው ምድር ቤት ወደ ሁለተኛው አወርደዋለሁ። አርባ ሜትር ብትሆን ነው። ያቺን አርባ ሜትር በእግሬ ከምሄደው በላይ ቀስ ብዬ ነበር የምነዳት፣ እንዳታልቅብኝ። በኋላ የራሴን ጭነት መኪና ገዛሁ፣ ከዚያ ሁለተኛ ጨመርኩ፣ እጄ ላይ ገንዘብ ሲገባ ልቤ ወደዚያች አርባ ሜትር ሄደ።

አሁን ስለ መኪናው። ባለ ሁለት ቱርቦ 4.4 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ 617 የፈረስ ጉልበት። ከዜሮ እስከ 60 ማይል በ3.1 ሰከንድ ይደርሳል ይላል ፋብሪካው፤ እኔም አልከራከርም። መሪው ላይ ኤም1 እና ኤም2 የሚባሉ ሁለት ቀያይ ቁልፎች አሉ። ማርሹን፣ መሪውን፣ የሞተሩን አመል እንደፈለጋችሁ አስተካክላችሁ እዚያ ላይ ታስቀምጣላችሁ። እኔ ኤም1ን ለብቻዬ ስሆን፣ ኤም2ን ባለቤቴ ከጎኔ ስትቀመጥ ብዬ ነበር የሞላኋቸው። ጠዋት በብርድ ሲነሳ ያጓራል፤ ጎረቤት እንዳልቀሰቅስ የሌሊት ሥራ ካለኝ በጭነት መኪናዬ እሄድ ነበር። በተረፈ ጨዋ የቤተሰብ መኪና ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከኋላ ደግሞ ለፋሲካ የሚገዛውን ጤፍና ዘይት ሁሉ ይውጣል። በአምስት ዓመት አንድም ቀን መንገድ ላይ አልጣለኝም። ከ10 አንዷን ነጥብ ያጎደልኩበት በጎማው ነው። በየ15 ሺህ ማይሉ አራቱንም አስቀይሬያለሁ፤ አንዱ ዙር 1,900 ዶላር ፈጅቷል።

በነገራችን ላይ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት እንደ ተራ የፍጥነት ቅጣት አይታይም፣ ወንጀል ነው። እስከ 2020 ድረስማ ወሰኑ 80 ነበር። ስለዚህ 617ቱ ፈረሶች አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በረት ውስጥ ገብስ ሲበሉ ነው ያሳለፉት።

የዋጋው መውረድ መጀመሪያ የተነገረኝ በደብዳቤ ነው። ቨርጂኒያ ለምትኖሩ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሌላ ስቴት ያላችሁ ግን ስሙኝ። እዚህ በመኪና ላይ በየዓመቱ የንብረት ግብር ይከፈላል። ፌርፋክስ ካውንቲ መኪናችሁ ጃንዋሪ 1 ላይ ስንት ያወጣል ብሎ ይገምታል፣ ከየ100 ዶላሩ 4.57 ያስከፍላል፣ እስከ ኦክቶበር 5 ትከፍላላችሁ። በ2020 ፖስታውን ስከፍት መኪናዬ 91 ሺህ ተብሎ ተገምቷል። ጃንዋሪ 1 ላይ ከተገዛ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር! ሠላሳ ሺህ ዶላሩ የት ገባ ብዬ ስልክ ልደውል አስቤ ነበር። ባለቤቴ ናት ያስቆመችኝ። «ደውለህ ምን ልትል ነው? ከፍ አድርጉልኝ፣ ግብር ልጨምር ልትል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። መኪና ሲረክስ የሚያስደስተው እዚያ ደብዳቤ ላይ ብቻ ነው።

በ2021 እና በ2022 ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር መጣ። በቺፕ እጥረት አዲስ መኪና ጠፋ፣ ያገለገለው ዋጋ ጣሪያ ነካ። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን በሚባለው ሰፈር ቡና ስንጠጣ ጋሽ ታደሰ፣ ዕድሜ ልኩን መኪና ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ መኪናዬን በዓይኑ ለካና «ዛሬውኑ ሽጠው» አለኝ። የሆነ ዲለር (የመኪና ነጋዴ) 86 ሺህ ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ግን «ገና ይጨምራል» አልኩ። ጋሽ ታደሰ ምንም አልመለሰልኝም። ስኒውን ብቻ ገፋ አደረገ።

በ2024 ልሸጥ ስወጣ የገጠመኝን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ትምህርት ያለው እዚያ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ዲለር ገማች ታብሌት የያዘ ወጣት ነበር። መኪናውን ሁለቴ ዞረው። የቀለሙን ውፍረት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ በር በሩ ላይ አስደገፈ። በጎማዎቹ ጥርስ መሐል መለኪያ ሰካ። የቀኝ የኋላ ቸርኬ ላይ ያለችውን ጭረት በጣቱ ዳሰሳት፤ ቅዳሴ ረፍዶብኝ ጠርዝ ጠጋ ብዬ ያቆምኩ ቀን የመጣች ናት። «ሁለተኛው ቁልፍ አለ?» አለ። አለ። ከዚያ ወርቃማዎቹን የፍሬን መያዣዎች አየ። ደስ አለኝ። የሴራሚክ ፍሬን ነው፣ ስገዛ ለብቻው 8,500 ዶላር የከፈልኩበት። ታብሌቱ ላይ ምን ብሎ እንደሚጽፈው አንገቴን አስግጌ አየሁ። የሚሞላበት ሳጥን እንኳ የለውም። «ጥሩ ነው፣ ግን ዋጋ ላይ አይገባም» አለኝ በትሕትና። 52 ሺህ አቀረበ። ሌላ ዲለር ሄድኩ፣ 54,500። ስለዚህ ራሴ ማስታወቂያ አወጣሁ።

ያን ሰሞን ነገሩ የገባኝ እንዲህ ነው። 120 ሺህ ዶላር ያለው ሰው ያገለገለ አይፈልግም፣ አዲሱን ይገዛል። 55 ሺህ ያለው ሰው ደግሞ መኪናውን ይመኘዋል፣ ጥገናውን ግን ይፈራዋል። የፋብሪካው ዋስትና 4 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል ነው፤ የኔ በ2023 አለቀ። ከዚያ በኋላ ማንኛውም የሚያንኳኳ ድምፅ የገዢው ዕዳ ነው። በዚያ ላይ እንዲህ ያለውን መኪና ብዙ ሰው በሊዝ፣ ማለትም በረጅም ጊዜ ኪራይ፣ ነው የሚወስደው። የሦስት ዓመት ውሉ ሲያልቅ ሁሉም ባንድ ሰሞን ተመልሶ ገበያውን ያጥለቀልቀዋል። የሚመልሱት ሰዎች ዋጋው አያሳስባቸውም፤ ውሉ ላይ ተጽፎላቸዋል። ለብረቱ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ቁጭ ያለው እንደኔ ያለው ነው። አዲስ ሞዴል ሲመጣ ደግሞ አሮጌው ሌላ ደረጃ ይወርዳል። እኔ ከሸጥኩ ከሁለት ወር በኋላ አዲሱ ኤም5 በ717 የፈረስ ጉልበት፣ ከነዳጁ ሌላ በባትሪም የሚነዳ ሆኖ ይፋ ወጣ። እዚህ ላይ እንኳ እግዜር ረድቶኛል።

ፈጣን መኪና ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ፖርሽ 911 ጂቲ3ን የሚፈልገው ብዙ፣ የሚመረተው ጥቂት ስለሆነ ዋጋውን ይዞ ይቆያል። በተቃራኒው የኤሌክትሪኮቹን ስታዩ የኔን ትረሳላችሁ። ቴስላ ሞዴል ኤስ ፕላይድ 2022 መጨረሻ ላይ 135,990 ዶላር ነበር። ጃንዋሪ 2023 ላይ ፋብሪካው ራሱ 114,990 አደረገው፣ ያው ዓመት ሳያልቅ 89,990 ገባ። አዲሱ በዚያ ዋጋ ከተሸጠ ያገለገለውን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

የገዛኝ የ26 ዓመት የሐበሻ ልጅ ነው። ከመምጣቱ በፊት የሻሲ ቁጥሩን አስልኮኝ ታሪኩን አጥንቶ ጨርሷል። የ1,200 ማይሉን የመጀመሪያ ሰርቪስ ደረሰኝ እንኳ ጠየቀኝ፤ የኤም መኪኖች (የቢኤምደብሊው ፈጣን ሞዴሎች) ያን ሰርቪስ የግድ ይፈልጋሉ። ሁሉንም ደረሰኝ በፌስታል አድርጌ ሰጠሁት። «ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ባንተ ኪሳራ ነው የምነዳው» አለኝ ሲፈርም። ባለጌ ብዬ ስቄ ዝም አልኩ። ምን ልበል? ያንኑ ሞተር፣ ያንኑ ድምፅ፣ ያንኑ ወርቃማ ፍሬን ነው ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ይዞ የሄደው። እኔ በ63,500 ዶላር የገዛሁት የመጀመሪያ ባለቤት መሆንን ነው። ስለዚህ ይህን መኪና ግዙ ወይ ካላችሁኝ አዎ፣ ግን ከኔ ዓይነቱ ሰው ግዙት። አራት ዓመት ይሙላው፣ ደረሰኙ ሙሉ ይሁን፣ አምስት ስድስት ሺህ ዶላር ለጎማና ለፍሬን ተቀማጭ ይኑራችሁ።

ጥፋቱ ካስተዳደጌም ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። እኔ ያደግሁበት አገር መኪና እንደ ወርቅ ነው፤ ሲቸግር የሚሸጥ ንብረት። ወንድሜ አዲስ አበባ በ2007 ዓ.ም. በ280 ሺህ ብር የገዛትን ቪትዝ ስምንት ዓመት ሙሉ ነድቶ፣ አስጨርሷት፣ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ሸጣት። የኤክሳይዝ ታክሱ ሲጨምር፣ ምንዛሬው ሲንር፣ ቆማ የምትወፍር መኪና ናት። በዶላር ቢመነዘር ሌላ ታሪክ ይወጣው ይሆናል፤ ግን በትርፍ ላይ ተቀምጦ ማን ይመነዝራል?

መኪናውን መሸጤን ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ስንት ዓመት ያዝከው አለች። አምስት አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ምነው ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ። «ትንሽ ብታቆየው እኮ ይጨምር ነበር።»