ጅቡን ከሐሜት፣ ፍየሎቼን ከሞት ላዳኑልኝ የእንስሳት ሐኪም

ሐረርና ዙሪያዋ ፍየል፣ በግ ወይም ጥጃ ለምታረቡ ሁሉ ይድረስ። ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። የማመሰግናቸው ሰው ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተገለሉ፣ አሁን በግላቸው ቤት ለቤት እየዞሩ እንስሳት የሚያክሙ አባት ናቸው። «ስሜን እንዳትጽፊው» ስላሉኝ አልጽፈውም። ሰፈራችን ውስጥ «ዶክተር» ነው የሚባሉት። በተጠሩ ቁጥር «ዶክተር አይደለሁም፣ ቴክኒሺያን ነኝ» እያሉ ያርማሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም።

የምንኖረው ከጀጎል ውጭ፣ ከሐኪም ጋራ ግርጌ ነው። ያሉን የሐረርጌ ደጋ ፍየሎች ናቸው፤ ወተቱ ለቤት፣ ወጠጤው ለአረፋና ለፋሲካ ገበያ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ሌሊት ጋጣው ውስጥ ተገብቶ አራት ሞቱ፣ ሌሎች ቆስለው አደሩ። ሲነጋ ግቢው በሰው ሞላ። ሁሉም አፍ ላይ የነበረው አንድ ስም ነው፦ ጅብ። አንዱ ጎረቤታችንማ ጎህ ሲቀድ ከአጥራችን ሥር ሲሄድ በዓይኑ አይቶታል። ፍርዱም እዚያው ተሰጠ፦ ከሞቱት አንዷ ላይ መርዝ ነስንሶ ገደሉ አፋፍ መጣል፤ የበላ ይሙት!

የከተማችን ሰውና ጅብ ነገራቸው እንዴት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። በግንቡ ላይ የጅብ መግቢያ ቀዳዳ የተተወለት፣ ለአሹራ ገንፎ በቅቤ የሚቀርብለት፣ ማታ ማታ ከሰው እጅ ሥጋ የሚጎርስ ጅብ ያለው እኛ ጋ ነው። ፍየል በሞተ ጠዋት ግን ይሄ ሁሉ ይረሳል አቦ!

ሐኪሙ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ሲደርሱ ሰላምታ ሰጥተው መጀመሪያ ያደረጉት ሰዉን ከጋጣው ማራቅ ነው። «ያልተረገጠ አፈር ካለ ሳፋ ድፉበት» አሉ። ከዚያ ጓንታቸውን አጥልቀው ወደ ሞቱት ሄዱ። እኔ መርፌና ክኒን ይዘው የሚመጡ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ቢላ አውጥተው የአንዷን አንገት ቆዳ ገለጥ ማድረግ ጀመሩ። ከቆዳው ሥር ደም ቋጥሮ ጠቁሯል። «ይቺ በሕይወት እያለች ነው የተነከሰችው» አሉኝ። ልብ እየመታ የተነከሰ ሥጋ ውስጥ ደም ይፈስሳል፣ ይረጋል፤ ከሞተ በኋላ የተነከሰው ግን ደም አይቋጥርም። ቀጥለው ከጋጣው ውጭ ወደተገኘችው፣ ጭኗ ከነአጥንቱ ወደሌለው አለፉ። አንገቷና ጆሮዋ ሥር ደም አለ፤ በተበላው ጭን ዙሪያ ግን ቆዳውም ሥጋውም ንጹህ ነው። ሞታ ነው የተበላችው።

ከዚያ አንድ በአንድ አሳዩኝ። ንክሻው ያለው የኋላ እግር ላይ፣ ጎን ላይ፣ ጆሮ ላይ፣ ፊት ላይ፣ ሁሉም ቦታ ነው። ብዙ ተነክሷል፣ የተበላ ግን የለም ማለት ይቻላል። ነብር ቢሆን ጉሮሮ ወይም ማጅራት ይዞ ሁለት ሦስት ጥልቅ ቀዳዳ ትቶ አንዷን ይዞ በሄደ ነበር። ቀበሮ ግልገል እንጂ ትልቅ ፍየል አይደፍርም። ጅብ ደግሞ አንዴ ከያዘ አጥንቱንም ይሰባብራል፣ ብዙም አያስተርፍም። እንዲህ በየቦታው ነክሶ፣ አባርሮ፣ ሳይበላ ጥሎ የሚሄድ ብዙውን ጊዜ የውሻ መንጋ ነው። ሳፋው ሲነሳ ከሥሩ ያለው ዱካም የውሻ ሆኖ ተገኘ። ከአጥሩ ውጭ ግን የፊቱ ከኋላው በግልጽ የሚበልጥ ሌላ ዱካ አለ፣ ትንሽ ራቅ ብሎም አጥንት ከመብላት የነጣ ፋንድያ። ጎረቤታችን አልዋሸም፤ ጅቡ መጥቷል። የመጣው ግን ውሾቹ ከጨረሱ በኋላ፣ ከውጭ የወደቀችውን ሊበላ ነው።

ሰው ሁሉ ዝም አለ። መርዙን አንስተው ወደ ቤት የመለሱት ሰውዬ ፊታቸው አሁንም ይታየኛል። ጋሼም አልተቆጧቸው፣ «መርዝ ስም አይለይም» ብቻ ነው ያሉት። ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ የጎረቤት ውሻ ይበላዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ፍየሎቹን የገደሉት ውሾች ግን እዚያ ገደል አፋፍ ላይመጡ ይችላሉ።

አራተኛዋ ቡሬ ናት። ሰውነቷ ላይ አንድም ጥርስ የለም። ጋጣው ጥግ ላይ ሌሎቹ ከላይዋ ተደራርበው ታፍና ነው የሞተችው። ይሄን ሲያስረዱ አጋዘንን ምሳሌ አደረጉ። ኒውዚላንድን በመሳሰሉ አገሮች አጋዘን እንደ በግ ታጥሮ ይረባል፤ ስለሚዘልም አጥሩ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ውሻ አጋዘን ለመግደል የግድ መንከስ የለበትም፦ ከውጭ ሆኖ ካባረራት ደንግጣ ሽቦው ላይ ተላትማ አንገቷን ትሰብራለች፣ ወይም ከብዙ ሩጫ ጡንቻዋ ተጎድቶ ከቀናት በኋላ ትወድቃለች። ፍርሃት ራሱ ይገድላል ነው ነገሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ጋጣ ያለኝ ሐሳብ ተለወጠ፤ አውሬውን ውጭ ማስቀረት ብቻ ሳይሆን የደነገጠ መንጋ የሚሄድበትንም ማሰብ ያስፈልጋል።

ስለ ሥጋው። «የቆሰሉትን አርደን ቶሎ እንሽጥ፣ ካለቀ በኋላ ምን ዋጋ አለው» ያሉ ነበሩ። የሞቱት እንግዲህ በክት ናቸው፣ ለማንም አይበሉም። በሕይወት ያሉትንም ግን ጋሼ ከለከሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ያለበት ውሻ ነክሷቸው ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ ለመታየት ደግሞ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ባለቤቴ ሌሊት የተደራረቡትን ፍየሎች ሲያላቅቅ እጁ ተጭሮ ነበር። ይሄን እንዳዩ ሌላውን ሥራ ትተው ጭረቱን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አሳጠቡት፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ለክትባት ላኩት። «ፍየሉ ይቆያል፣ ይሄ አይቆይም» አሉ። እሳቸው ባይመጡ ኖሮ ማናችንም ትዝ አይለንም ነበር።

ሕክምናው ረጋ ያለ ነው። ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ፀጉር ሸለቱ፣ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ደጋግመው አጠቡ። ልኩን ለእኔም አስተማሩኝ፦ በ1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ገደማ ጨው፣ የሻይ ማንኪያ ተኩል ያህል። ንክሻውን ግን አልሰፉትም። የውሻ ጥርስ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ነው የሚያስገባው፤ ላዩን ከሰፋችሁት ውስጡ ይመግላል። እርጉዞቹን ለይተው በጥላ አስቀመጡ፣ ድንጋጤው ሊያስወርዳቸው እንደሚችልም ቀድመው ነገሩን፤ አንዷ እንዳሉትም አስወረደች። መድኃኒቱን ሲሰጡ ስንት ቀን ወተቱን መጠጣት እንደሌለብን በወረቀት ጻፉልን። የገዙበትን ደረሰኝ ሳልጠይቃቸው ነው ያሳዩኝ።

አሁን ስለ ሐዘኑ። እኛ አገር ንብረት ሲጠፋ የሚባለው ይታወቃል፦ «በሰው አይምጣ»፣ «ክፉውን በእሱ ያስወጣላችሁ»። ደግ ቃል ነው፣ አልከፋም። ግን አፍ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ «ዳለቻዬን» ብሎ ማልቀስ ያሳፍራል፣ በተለይ ትልቅ ሰው ከሆኑ። ከሞቱት አንዷን፣ ዳለቻን፣ በጡጦ ያሳደገቻት አማቴ ናት፤ የዳለቻ እናት ስትሞት ገና እንገር እንኳን አልጠጣችም ነበር። አማቴ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳትናገር እጣን ስታጨስ ዋለች። ጋሼ ሥራቸውን ጨርሰው ቡና ሲቀርብላቸው ከአጠገቧ ተቀምጠው «ስሟ ማን ነበር?» አሏት። እሷም ነገረቻቸው። ስንት እንደወለደች፣ እንዴት ጓዳ ገብታ የጤፍ ዱቄት እንደምትበላ፣ ሁሉንም። ረጅም ጊዜ ነው ያዳመጧት። አንድም ጊዜ «ፍየል እኮ ናት» አላሉም። ልጆቹንም «ሂዱ ከዚህ» ሲባሉ ሰምተው አስቀሯቸው፤ ሲቀበር ማየት የፈለገ ይይ፣ ያልፈለገ ይቅር ብለው። ጉድጓዱን ጥልቅ አድርገው፣ ከውሃ አርቀው፣ ኖራ ነስንሰው ነው ያስቀበሩን። ይሄ ለበሽታም ነው፣ ሽታው ሌላ አውሬ እንዳይጠራም ነው።

ከሞቱት አንዷ ግልገል ነበራት፣ ያቺ ያስወረደችው ደግሞ ወተት ሞልቷት የሚጠባት አጥታ ትጮሃለች። ጋሼ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ የእሷን ወተት አልበው ግልገሉን ጀርባውና ጅራቱ ሥር ቀቡት፣ እሷንም ይዘው አስጠቡት። መጀመሪያ ረገጠችው። ደጋግመው ሞከሩ፣ በኋላ አሸተተችና እንዲጠባ ተወችው። አማቴ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ራት የበላችው።

ጋጣውን የሠራልን የእሳቸው ወዳጅ የሆነ በያጅ ነው፤ ጥሩ ሠርቷል፣ ንድፉ ግን የጋሼ ነው። ምሰሶው አንጎላሬ ብረት፣ ሽቦው ወፍራም። የዶሮ ሽቦ ዶሮን እንዳትወጣ ይይዛል እንጂ ውሻ አያቆምም ብለው አስጣሉን። ከፍታው 2 ሜትር ነው፤ ከታች ደግሞ ሽቦው ወደ ውጭ ታጥፎ መሬት ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ተዘርግቶ አፈር ለብሷል። የሚቆፍር እንስሳ አጥሩ ሥር ተጠግቶ ነውና የሚጀምረው ሽቦው ላይ ቆሞ ይደክማል። የበሩ መድረክ ኮንክሪት ነው፣ መቀርቀሪያው ሁለት ነው። ከታች 1 ሜትር ያህል በቆርቆሮ ተሸፍኗል፣ ፍየሎቹ ሽቦው ላይ ተለጥፈው ሲተኙ ከውጭ እንዳይነከሱ፣ ውሾቹንም አይተው እንዳይደነግጡ። ከሁሉ የወደድኩት ጥግ የሌለው መሆኑ ነው፤ አራቱም ማዕዘን ክብ ነው፤ የደነገጠ መንጋ ይዞራል እንጂ አይደራረብም። ለቡሬ ቀድሞ ቢደርስላት ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

ብልጭ ድርግም የሚል የሶላር መብራትም አስገጥመውናል። ይሄን ዘዴ ያወቁት ኬንያዊው ሪቻርድ ቱሬሬ ልጅ እያለ ከናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ የሚወጡ አንበሶችን ከአባቱ ከብቶች ለማራቅ ከሠራው ነው፤ ልጁ እ.ኤ.አ. በ2013 ቴድ በሚባለው የንግግር መድረክ ላይ አቅርቦታል። አውሬ የቆመ መብራት ይለምዳል፣ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ሰው የሚዞር ይመስለዋል። ጋሼ ግን ይሄንንም አያመልኩትም፤ «ቦታውን ቀያይሪው፣ መብራት የአጥር ምትክ አይሆንም» ነው የሚሉት።

ውሾቹ የማን እንደሆኑ ታውቋል፤ ማን እንደሆነ አልጽፍም፣ በሽማግሌ አልቋል። ጋሼ አብረውኝ ሄደው ካሳ ከመነሳቱ በፊት ያስማሙት ውሾቹ ማታ እንዲታሰሩና እንዲከተቡ ነው።

የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቁጥራቸውን እሰጣለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የሞተውን አታንቀሳቅሱ፣ ዱካውን በሳፋ ክደኑ፤ ፎቶ ስታነሱ ለልክ የሚሆን ቁልፍ ወይም ሳንቲም አጠገቡ አድርጉ። የሰው እጅ ተነክሶ ወይም ተጭሮ ከሆነ ግን እሳቸውን ሳትጠብቁ ታጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስልካቸው ዝግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሞክሩ።