ሰርቮ ልግዛ ወይስ ላስጠግን? ለአሮጌ ላንድ ክሩዘር ባለቤቶች

ሰሞኑን አራት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ፍሬኑ ድንጋይ ሆነብኝ፤ ሰርቮ የት ልግዛ?» ሰርቮ ማለት ሞተሩ በሚስበው ቫኩም (አየር በወጣለት ባዶ ቦታ) እግራችሁን የሚያግዝ፣ ከፍሬን ፔዳሉ ፊት ያለ ክብ ቆርቆሮ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የኔዋ ቢጄ 42 ናት። በፈረንጅ 1983 የተሠራች ናፍጣ። ለሰርቮዋ በድምሩ 29,500 ብር አውጥቻለሁ። 11,500 ይበቃኝ ነበር። ልዩነቱ የስንፍናዬ ዋጋ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። የራሳችሁን ኦሪጅናል በኪት (የውስጥ ላስቲኮቹ መቀየሪያ) አስጠግኑ። ቆርቆሮው ከበሰበሰ ያገለገለ ኦሪጅናል ፈልጉ። አዲስ ኮፒ ግን አደራ፣ አትግዙ።

መጀመሪያ ግን ጥፋቱ የሰርቮው ነው ወይ? ፔዳሉ እየሰመጠ ወለል የሚነካ ከሆነ ሰርቮውን ተዉት። ማስተሩ (የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ሲሊንደር) ነው፣ አየር ገብቷል፣ ወይ የኋላው የፍሬን ሸራ አልተስተካከለም። ሰርቮ ሲሞት ፔዳሉ ይጠነክራል። መኪናው ይቆማል፤ ግን በሁለት እግር የረገጣችሁ ያህል ጉልበት ይጠይቃል።

ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉን እስኪጠነክር አምስት ስድስቴ ርገጡ። እንደረገጣችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከሄደ ሰርቮው እየሠራ ነው። ንቅንቅ ካላለ ችግር አለ። ቀጥሎ ሞተሩን ለሁለት ደቂቃ አሠርታችሁ አጥፉት። ደጋግማችሁ ስትረግጡ የመጀመሪያው ጠለቅ ብሎ፣ ሁለተኛው ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ሦስተኛው ደግሞ ይበልጥ ከፍ ብሎ ካልቆመ ቫኩሙ አልተያዘም ማለት ነው። እግራችሁ አጠገብ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ያኔም ቢሆን ወደ ሱቅ አትሩጡ። ከሞተሩ ወደ ሰርቮው የሚሄደውን የቫኩም ቱቦ እዩት። አንዴ አንድ ልጅ ተራ የውኃ ቱቦ ገጠመልኝ። ቀዝቃዛ እያለ ደህና ነበር። ሲሞቅ ቫኩሙ ስቦ አጣበቀው። ቱቦው ላይ ያለችውን ቼክ ቫልቭ አውጥታችሁ ንፉባት። ከሰርቮው ወደ ሞተሩ አቅጣጫ ማሳለፍ አለባት፤ በተቃራኒው ግን ጥርቅም። በሁለቱም በኩል ካሳለፈች የ29 ሺሁን ጉድ በትንሽ ፕላስቲክ ተገላገላችሁት።

ናፍጣ ከሆነች ደግሞ እንደ ቤንዚኗ ከማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ ከሚገባበት ቱቦ) አይደለም የምትስበው። በኔዋ ዓይነት ሞተር ቫኩሙን የምትሠራው ከዲናሞው ጀርባ ያለች ፓምፕ ናት። የምትለሰልሰውም በሞተር ዘይት ነው። የዘይት ቱቦዋ ከተዘጋ ፓምፗ ትበላለች፤ ሰው ግን ሰርቮ ይቀይራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሰርቮ ጉልበቱን የሚያገኘው ውጭ ካለው የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ግፊቱ ከጅቡቲው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ መካኒኩ የቫኩም ጌጅ ሰክቶ «መጽሐፉ ከሚለው ያንሳል፣ ሰርቮው ሞቷል» ቢላችሁ አትደንግጡ። መጽሐፉ የተጻፈው እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው አይደለም። ጤነኛ ሰርቮ በዚህ ምክንያት ብቻ ሲጣል አይቻለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የምጽፈው እኔ የከፈልኩትንና የተጠየቅኩትን ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም። እናንተ ስትጠይቁ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ኮፒውን 16,000 ገዛሁት። ካርቶኑ ያምራል። ቀለሙ ያብረቀርቃል። የኔው ደግሞ አቧራና ዝገት። ማስገጠሚያ 2,000። ከሰዓት በኋላ ከተማ ውስጥ ሞከርኩት፤ ፍሬኑ እንደ ቅቤ ሆነ። ባለሱቁ አሮጌዬን በ3,000 ልግዛህ ሲለኝ ግን መንቃት ነበረብኝ። አዲሱ እንዲህ የሚያስመካ ከሆነ የኔን ዝገት ለምን ፈለገው?

በማግስቱ በጎሃ ጽዮን አድርጌ ዓባይን መውረድ ነበረብኝ። ጫንጮ ስደርስ መኪናዋ ትጎተታለች። የሸራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወረድኩና ቸርኬውን በእጄ ልነካ ስል ሙቀቱ ከሩቅ መለሰኝ። የፊቱን በክሪክ አነሳሁ፤ ጎማው አይዞርም። ማስተሩን ከሰርቮው ጋር የያዙትን ዳዶዎች ሁለት ሁለት ዙር ላላ ሳደርግ ጎማው መዞር ጀመረ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ከሰርቮው ወጥታ ማስተሩን የምትገፋው ዘንግ ከልኳ ረዝማለች። ስለዚህ ማስተሩ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ዘይቱ በሞቀ ቁጥር ፍሬኑ ራሱን እየረገጠ ይሄዳል። ኦሪጅናሉ ላይ የዘንጓ ጫፍ በቁልፍ ትስተካከላለች። የኮፒው ጫፍ አልዞር አለች። በማስተሩና በሰርቮው መሃል ሮንዴላ ጨምር የሚል አይጠፋም። አትስሙት፤ ማስተሩና ሰርቮው መጣበቅ አለባቸው። ከጎሃ ጽዮን በታች ደግሞ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ነው የሚጠብቀኝ። በቀዝቃዛ ፍሬን ቀስ እያልኩ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ።

ባለሱቁ «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። 18,000 ብር እዚያ ቀረ።

ያገለገለ ኦሪጅናል ስጠይቅ 32,000 ተባልኩ። ተከራክሬ ተከራክሬ 26,000 ላይ ቆመ። ቆርቆሮው ኦሪጅናል ነው፣ ዘንጉ ልክ ነው፤ ግን ላስቲኩም እንደኔው ዕድሜ ጠገብ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ኪት መፈለጉ አይቀርም። ከገዛችሁ ማስተሩ በሚገባበት ቀዳዳ ጣታችሁን አስገቡ። እርጥብ ከሆነና የፍሬን ዘይት ከሸተተ ተዉት። ነቅንቁት፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨም ተዉት። የቻለ ደግሞ ቆሞ ሞተሩ የሚሠራ መኪና ቫኩም ላይ ለደቂቃ ይሰካው፤ ከዚያ ነቅሎ አምስት ደቂቃ ይጠብቅ። ቼክ ቫልቯን ሲያወጣ «ፍስስ» ካላለ ሰርቮው ቀዳዳ ነው።

እኔን ያዳነኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው።

«አሮጌውን የት ጣልከው?»

«ቤት አለ፣ ጋሼ።»

«እንኳን አልሸጥከው። አምጣው።»

ኪቱ 7,500፣ የእጅ ዋጋ 4,000። ሁለቱን የቆርቆሮ ክፍሎች ከመክፈቱ በፊት በነጭ ጠመኔ ምልክት አደረገ፤ ሲመለሱ በዚያው መስመር እንዲገናኙ። ውስጡ ትልቅ ሞላ አለ፣ ስለዚህ በቤት ውስጥ በካቻቢቴ አትሞክሩት፤ ፊት ያፈርሳል። ሲከፈት ዲያፍራሙ (ውስጡን ለሁለት የሚከፍለው ትልቁ ላስቲክ) ጠርዙ ላይ እንደ ጥፍር ቁራጭ የምታክል ስንጥቅ ነበረችው። ከታች ደግሞ አንድ ማንኪያ የሚያህል የፍሬን ዘይት ተጠራቅሟል። የማስተሩ የኋላ ጎሚኒ ለካ ስታፈስ ኖራለች። ውጭ ጠብታ ሳይታይ ዘይት የሚቀንስባችሁ ካላችሁ፣ ወዴት እንደሚሄድ ይኸው። ሰርቮውን ቀይራችሁ ማስተሩን ከተዋችሁት አዲሱም ዲያፍራም በዚያው ዘይት ይበላል።

ኪት ስትገዙ ሁለት ነገር። ዲያፍራሙ መኖሩን በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ፤ ትንንሽ ላስቲክ ብቻ የያዘ ኪትም ይሸጣል። ደግሞ የሰርቮው ሠሪ አይሲን ይሁን ጂኬሲ ከላዩ አንብቡ። የአንዱ ኪት ለሌላው አይሆንም። ገጣሚው ጎሚኒውን በቤንዚን ሲያጥብ ወይም ተራ ግራሶ ሲቀባ ካያችሁት ደግሞ እጁን ያዙት። ላስቲኩ ያብጣል።

ከዚያ ወዲህ ዓባይን ሁለቴ ወርጃለሁ። ቸርኬው ይሞቃል፣ ቁልቁለት ነውና፤ ግን ጎማው ይዞራል።

ለአራተኛው ጠያቂ ብዬ ባለፈው ሳምንት ዋጋ ጠየቅኩ። ኪቱ 9,000 ገብቷል። «ዲያፍራም አለው?» ስለው «ቆይ፣ ልየው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እስካሁን አልደወለም።