ሜትሩ ሳይቆጥር የሚያስተምር ሰው አገኘን

ወገኖቼ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ መጻፍ የማበዛ ሰው አይደለሁም፣ የሰው አንብቤ ላይክ አድርጌ አልፋለሁ። ይሄን ግን ዝም ብል እግዜርም አይወደው። ልጃችንን ፓይለት እናደርጋለን ብለን ሁለት ዓመት ተንከራተን፣ ብራችንም አልቆ፣ ልጅቷም ተስፋ ቆርጣ ከተወችው በኋላ አንድ ያገራችን ሰው እጃችንን ይዞ አወጣን። ስሜን አታውጣ ብሎኛል፣ ቃሌን አከብራለሁ። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን ስልኩን እሰጣለሁ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ፣ ልጅ ያላችሁ፣ ወይ ራሳችሁ መብረር እያማራችሁ በብር ምክንያት የተዋችሁት፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ዳለስ ኤርፖርት ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። ልጄ ትንሽ እያለች እናቷ ቅዳሜና እሁድ ነርሲንግ ሆም ስትገባ እኔ ነበርኩ ይዣት የምውለው። መኪና ውስጥ ምሳዋን እያበላኋት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲነሳ ታያለች። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ጭራ ስታይ "የኛ ነው! የኛ ነው!" ብላ ጎረቤት ታክሲ ላይ የተኛውን ሁሉ ትቀሰቅሳለች። አድጋ ፓይለት ካልሆንኩ ስትል ታዲያ ማን ላይ ልፍረድ? አገር ቤት ቢሆን ተፈትኖ ያለፈን ልጅ አየር መንገዱ ራሱ አስተምሮ በውል ያሰራዋል። እዚህ የሚያስተምርህ የራስህ ኪስ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ወለሉ ያበራል፣ ቡና በነጻ ነው፣ ክራቫት ያሰረ ልጅ ጠረጴዛው ላይ የአሻንጉሊት አውሮፕላን አስቀምጦ በፈገግታ ተቀበለን። ሁሉም ተደምሮ 94 ሺህ ዶላር፣ መጀመሪያ 15 ሺህ ዲፖዚት አለን። እኔ ደግሞ በዚያው ወር እቁብ ደርሶኝ ነበር። መኪና ልቀይርበት ያሰብኩትን ብር እንዳለ አስረከብኩ። ወረቀት ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ። ማን ያነበዋል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። በሰባት ወር አራት አስተማሪ ተቀያየረባት። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በዚህ አገር አየር መንገድ ገብቶ ረዳት አብራሪ ለመሆን ባብዛኛው 1,500 ሰዓት የበረረ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 ቡፋሎ ከተማ አጠገብ ከደረሰው የአውሮፕላን አደጋ በኋላ ሕጉ ጠበቀ፣ ከ2013 ጀምሮ እንዲህ ነው። ስለዚህ ወጣቶቹ ሰዓት ለመሙላት ብለው ያስተምራሉ፣ የሞላላቸው ቀን ሹልክ። በነሱ አልፈርድም፣ እነሱም እንጀራቸውን ነው የሚፈልጉት። ግን አዲሱ በመጣ ቁጥር "እስቲ ያለሽበትን ልየው" ብሎ ከሀ ይጀምራል። ሀ ሁን አራት ጊዜ ገዛን ማለት ነው። ለመጀመሪያው ላይሰንስ ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 40 ሰዓት ነው፣ ብዙ ሰው ከዚያ በላይ እንደሚፈጅበት አውቃለሁ። የኔ ልጅ 52 ሰዓት በርራ ብቻዋን አንድ ቀን አልለቀቋትም። ማሳረፉ አልሆነላትም አሉ። ቢሮ ያለችው ሴትዮ በመጨረሻ ምን ብትላት ጥሩ ነው? "መብረር ለሁሉም ሰው አይሆንም።" ልጄ ሀይዌይ 66 ላይ መኪና ውስጥ እስከ ቤት አለቀሰች። የቀረውን ብር መልሱ ስል "ፈርመሃል" አሉኝ። ትንሽ ነገር ወረወሩልኝ። እግዜር ይያቸው።

ሄድሴቱን አልጋ ስር ከተተችው። ስለ አውሮፕላን ማውራት ክልክል ሆነ ቤታችን። እናቷ እኔን ትወቅሳለች፣ እኔ ራሴን።

ሰውየውን ያገኘሁት ለቅሶ ቤት ነው፣ አሌክሳንድሪያ። አጠገቤ ተቀምጦ ንፍሮ እየቆረጠመ ሥራህ ምንድነው፣ ልጆች አሉህ ወይ ተባብለን ወሬው ወደ ልጄ ሄደ። የበረራ አስተማሪ ነኝ አለኝ። እኔማ እንደገና ልበላ ነው ብዬ ልቤን ቆለፍኩ። እሱ ግን ስለ ብር አላነሳም። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀኝ። "የበረራ ሐኪም አይቷታል?" አለ። አላያትም። እነዚያ 15 ሺህ ሲቀበሉ አልጠየቁንም፣ ለካ ያለ ሐኪሙ ወረቀት ብቻዋን መብረርም አትችልም። ቀጥሎ "ቁመቷ ስንት ነው?" አለኝ። ምነው፣ ለጋብቻ ነው እንዴ? ሳልለው ነው የቀረሁት። አጭር ናት አልኩት፣ እንደ እናቷ። ራሱን ነቅነቅ አደረገና "ቅዳሜ አምጣት ጋሼ" አለ።

ቅዳሜ ወደ ሸናንዶዋ በኩል ወዳለች ትንሽ አየር ማረፊያ ሄድን። ልጅቷን ለምኜ ነው የወሰድኳት። የመቆጣጠሪያ ታወር የለ፣ ሰልፍ የለ፣ ሳር መሃል ያለች መንገድ ናት። አንድ ያረጀ ሴስና 172 የሚባል ትንሽ አውሮፕላን ቆሟል። እነዚያ ጋ አዳዲስ ነበሩ፣ ይሄን ሳይ ሆዴን ባር ባር አለው። አስገብቶ አስቀመጣትና ሞተሩን ሳያስነሳ "ፊት ለፊት እዪ፣ ምን ይታይሻል?" አላት። "ዳሽቦርዱ" አለች። ወርዶ ወደ መኪናው ሄደ። ኮሮላ ናት፣ ከኔ ታክሲ ትብሳለች። አንድ ጥጉ የተቀደደ ቡኒ ትራስ ይዞ መጣ። ከስሯ አደረገላት፣ ወንበሩን ወደፊት ገፋላት። "አሁንስ?"

ልጄ ዝም አለች። እኔ ክንፉ ስር ቆሜ አያታለሁ። ከዚያ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያልሆነ ድምፅ አወጣችና "ይሄ ሁሉ እዚያ ነበር እንዴ?" አለች። 52 ሰዓት ሙሉ ልጅቷ መሬቱን በደንብ ሳታየው ነው አሳርፊ ሲሏት የኖሩት! ስታርፍ ዓይኗን የት ማድረግ እንዳለባት ረጅም ነገር አስረዳት፣ እኔ አልገባኝም፣ ለናንተም አልዋሽም። የገባኝ አራት ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ትራስ ያስፈልግሻል ያላት አንድም እንዳልነበረ ነው።

ግን እኔን የገዛኝ ትራሱ አይደለም። አውሮፕላኑ ውስጥ ሞተሩ ሲሠራ የሚቆጥር ሰዓት አለ። የምትከፍለው በሱ ነው። የታክሲ ሜትር በሉት። ሜትር ደግሞ ለኔ ማንም አያስተምረኝም። ተሳፋሪ ሲያወራ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሾፌር አውቃለሁ፣ ዞሮ የሚሄድ አውቃለሁ፣ አሮጊት ሲጭን ሜትሩን የሚያጠፋም አውቃለሁ። ይሄ ሰው ቁልፉን ሳያዞር አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማራት። መሬት ላይ ሊባል የሚችለው ሁሉ መሬት ላይ ተባለ። ከዚያ አስነስቶ አርባ ደቂቃ በረሩ፣ ተመለሱ። ሂሳብ ሲነግረኝ የአርባ ደቂቃውን ብቻ ነው። የተቀመጣችሁበትስ ስለው "ጋሼ፣ ሜትሩ አልቆጠረም እኮ" አለኝ። እዚያው ሳሩ ላይ ፊቴን አዞርኩ። ስንቱን ሰው ሜትር አጥፍቼ ቤቱ አድርሻለሁ፣ ለኔ አንድ ሰው ሲያጠፋልኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ በኋላ ያዘዛት ሁሉ ለኛ ብር መቆጠቢያ ነው። የጽሁፍ ፈተናውን አስቀድመሽ ጨርሺ አላት፣ ጨረሰች። በሳምንት አንድ ቀን እየመጣሽ አትብረሪ፣ የተማርሽውን ረስተሽ መልሰሽ ትገዢዋለሽ፣ ሁለት ወር አጠራቅመሽ በሳምንት ሦስት ቀን ነይ አላት። ዲፖዚት የሚባል የለም፣ የበረርሽውን ከፍለሽ ትሄጃለሽ፣ ብሩ ሲያልቅ እንቆማለን። ቤት ደግሞ የዳሽቦርዱን ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ኩሽና ወንበር ላይ ተቀምጣ እንድትለማመድ አዘዛት። የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ብቻዋን እየለፈለፈች። እናቷ ከሥራ ገብታ ስታያት ልጄን ምን አገኛት ብላ ጠበል ረጨቻት። እውነቴን ነው።

እሱ ራሱ እንዲህ ነው የተማረው። ዲሲ ፓርኪንግ ጋራዥ ሌሊት እየሠራ፣ ቲኬት ቤቱ ውስጥ መጽሐፍ ዘርግቶ፣ ስምንት ዓመት። ስልኩ ላይ የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ፎቶ አለው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መጥቶ አየር ኃይላችንን ያዘዘው ጥቁር አሜሪካዊ። ሮቢንሰን ቺካጎ ውስጥ የበረራ ትምህርት ቤት አንቀበልም ሲለው በጽዳት ሠራተኛነት ገብቶ ወለል እየጠረገ ነበር ትምህርቱን የሚያዳምጠው። አዲስ አበባ ነው የተቀበረው። ልጄ ሰለቸኝ ስትል ፎቶውን ያሳያታል፣ ምንም አይናገርም።

በአምስተኛው ሳምንት ሥራ ላይ ሆኜ ደወለች። ትጮሃለች። ብቻዋን ሦስት ጊዜ ተነስታ ሦስት ጊዜ አረፈች! ማታ ቤት ስትገባ ሸሚዟ ከኋላ ተቆርጦ ጀርባዋ ይታያል። ማን ነው ልጄን እንዲህ ያደረገ ብዬ ልነሳ ስል ሳቀች። የዚህ አገር ወግ ነው ለካ። ድሮ አስተማሪ ከኋላ ተቀምጦ ሸሚዝ እየጎተተ ነበር ተማሪውን የሚያዘው ይባላል፣ ብቻህን ስትበር የሚጎትት ስለሌለ ይቆረጣል። ጨርቁ ላይ ቀኑን ጽፎበታል። እናቷ ፍሬም አግብታ ከገብርኤል ሥዕል ጎን ሰቅላዋለች።

አላለቀም፣ አልዋሻችሁም። የመጀመሪያውን ላይሰንስ ይዛለች፣ ዛሬ 140 ሰዓት ላይ ናት። እሷ በገባችበት መንገድ ተቀጥሮ ለመብረር የሚያበቃው ኮመርሻል የሚባለው ላይሰንስ 250 ሰዓት ይጠይቃል። አሁን ሌላ ተማሪ አገናኝቷት ወጪውን እየተካፈሉ ይበራሉ፣ እኔም ትርፍ ሰዓት እነዳለሁ። ርካሽ ነው አላልኩም። ግን የምንከፍለው የት እንደሚሄድ እናውቃለን፣ ማታም እንተኛለን።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የትም ዲፖዚት ከመክፈላችሁ በፊት፣ ኧረ በእናታችሁ፣ መጀመሪያ ይሄን ሰው አናግሩት። አንድ ቀን ብቻ ሂዱና እዩት። ሰኞ አያስተምርም። "ስንት ትቀንስልናለህ" ብላችሁ አትጀምሩት፣ ያኮርፋል። ቡና በፔርሙስ ብትይዙለት ደስ ይለዋል። ትራስ ካዋሳችሁ ግን መልሱለት። የኛዋ እስካሁን አልመለሰችም፣ ሌላ ገዝቷል።