ከ«ስሎውሊ» ወይስ ከ«ኦልዌይስ»?

የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግስ ለትንንሽ ልጆች ሲጀመር ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ ከሚናገሩት እንደ «ስሎውሊ» (በቀስታ) ካሉት ይሻላል ወይስ ምን ያህል እንደሚደጋገም ከሚናገሩት እንደ «ኦልዌይስ» (ሁልጊዜ) ካሉት? እኔ ከ«ስሎውሊ» ጎራ ነኝ። ልጁን አስነስታችሁ «ዎክ ስሎውሊ» ብትሉት ኤሊ ሆኖ ያሳያችኋል። «ኔቨር»ን (በፍጹም) ግን በምን ይተውነዋል? የእነ«ስሎውሊ» ቦታም አያስቸግርም፤ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፦ «ሺ ሲንግስ ላውድሊ»። በእርግጥ በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ስለሚመጣ «ሺ ላውድሊ ሲንግስ» ማለት ይቀናቸዋል። «ፋስት» ላይ ሳያስፈልግ «ሊ» የሚለጥፍም አይጠፋም።

«ኦልዌይስ» ግን ቦታው ያወዛግባል። «አይ ኦልዌይስ ድሪንክ ሚልክ» ላይ ከግሱ ይቀድማል፤ «ሂ ኢዝ ኦልዌይስ ሌት» ላይ ደግሞ «ኢዝ»ን ይከተላል። ስለዚህ ትንሽ ይቆይ። ተራው ሲደርስ የሳምንቱን 7 ቀናት ሰሌዳ ላይ ጻፉና ጥርሳቸውን በቦረሹበት ቀን ራይት ያድርጉ። 7ቱም ከሞላ «ኦልዌይስ»፣ ባዶ ከሆነ «ኔቨር»፣ መሃል ላይ ያለው «ሳምታይምስ» ነው።