ዘጠኝ ወር ከ1955ቱ ጊብሰን ጋር፣ ደሴ ላይ

ጊታሩ ጥር ላይ ነው የደረሰኝ። አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ጊብሰን ኢኤስ-125 ይባላል። ሆዱ ባዶ የሆነ ወፍራም ሳጥን፣ ሁለት የኤፍ ቅርጽ ቀዳዳ፣ አንገቱ ሥር አንድ ፒ-90 ፒክአፕ፣ የክሩን ንዝረት የሚለቅመው መሣሪያ። አንድ የቮልዩም ማዞሪያ፣ አንድ የቶን (የድምፅ ቃና) ማዞሪያ፣ በቃ። በዘመኑ ከጊብሰን ርካሽ ሥራዎች አንዱ ስለነበር ጌጣጌጥ አትፈልጉበት።

ዕድሜውን ያወቅኩት በስልክ መብራት ነው። በቀዳዳው አሻግራችሁ ስታዩ እንጨቱ ላይ የተመታ ቁጥር አለ። ጊብሰን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1952 እስከ 1961 ከቁጥሩ ፊት የዓመት ፊደል ያስቀድም ነበር፤ ከዜድ ተነስቶ ወደ ኋላ ይቆጥራል። የኔው ደብሊው ነው፣ የ1955።

ትውውቃችን በጥፋት ተጀመረ። ላጸዳው ብዬ እንደ ልማዴ ስድስቱንም ክር አንድ ላይ ፈታኋቸው። ብሪጁ፣ ክሮቹ የሚያርፉበት ድልድይ፣ እጄ ላይ ቀረ። ለካ አልተጣበቀም፣ በቡሎን አልታሰረም፤ ክሮቹ ተጭነውት ብቻ ነው የቆመው። ቦታውን ስፈልግ ሁለት ምሽት አለፈ። ዘዴው ቀላል ነው፤ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ ክሩን ነካ አድርጋችሁ የሚወጣውን ድምፅ፣ ተጭናችሁት ከሚወጣው ጋር ታስተያያላችሁ። የተጫነው ከፍ ካለ ብሪጁን ወደ ጅራቱ፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ማስጠጋት ነው። በመቃኛው መሣሪያ ልክ ሆነልኝ ብዬ አምባሰል ስጀምር ግን አልጣመኝም። አምባሰል ከመነሻው ድምፅ አጠገብ ግማሽ እርምጃ ብቻ የራቀች ድምፅ አለችው። እሷ ጥቂት ከተዛነፈች ቅኝቱ ራሱ ሌላ ይመስላል፣ ያውም አምባሰል በተወለደበት አገር! በጆሮዬ እያዳመጥኩ እንደገና አስተካከልኩና በእርሳስ ምልክት አደረግኩበት። ከዚያ ወዲህ ክር የምቀይረው አንድ በአንድ ነው።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ክሮቹ ከጣት ሰሌዳው ራቁ። የደሴን ጭጋግ ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌ ላይ ልብስ እንኳ አይደርቅም፣ እንጨቱም እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። ብሪጁ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ጎማዎች አሉት፤ እነሱን አዙሬ ዝቅ አደረግኩት። መስከረም ሲጠባ መልሼ ከፍ።

ፒ-90 ያጉረመርማል። ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል ፒክአፕ ስለሆነ የመብራቱን ንዝረት ይለቅማል። የሚያስቀው፣ አሜሪካ መብራቱ በሰከንድ 60 ጊዜ (60 ኸርዝ) ነው የሚነዝረው፣ እኛ ጋ 50። 50 ደግሞ ጂ ከሚባለው ዝቅተኛ የሙዚቃ ድምፅ ጋር በጥቂቱ ነው የሚለያየው። ስለዚህ ከጂ ተነስቼ ስጫወት ጉምጉምታው እንደ አጃቢ ይሆነኛል። ከሌላ ድምፅ ተነስቼ ስጫወት ግን ያበሽቃል፤ ወንበሬን ወደ ጎን አዙሬ ነው የምገላገለው።

ትልቁ ጉድለቱ ፊድባክ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ሠርግ ላይ ይዤው ሄድኩ። ከበሮው ሲሞቅ እኔም ቮልዩም ጨመርኩ፤ ጊታሩ እንደ ላም እምቧ አለ። የአምፑ (የድምፅ ማጉያው) ድምፅ ባዶውን ሆድ ያናውጠዋል፣ ፒክአፑ ያንን መልሶ ይለቅማል፣ መቆሚያ የለውም። የነጠላ ቁራጭ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ወትፌ፣ የአምፑን ቤዝ ቀንሼ ሠርጉን ጨረስኩ። ለእንደዚያ ያለ ሥራ ሆዱ ባዶ ያልሆነውን፣ ድፍኑን ጊታር ያዙ፤ ይኼን እቤት ተዉት።

የቮልዩሙ ማዞሪያ መንኮሻኮሽ ሲጀምር ፒያሳ ወዳለ ሬዲዮ ጠጋኝ ወሰድኩት። ከኋላ የሚከፈት በር የለውም። ዕቃው በክር ታስሮ በኤፍ ቀዳዳው ይወጣል፣ በዚያው ተጎትቶ ይገባል። ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ ሬዲዮ ነው የምሠራው፣ አዋላጅ አደረግከኝ እኮ!» አሉኝ። ግን ሠሩት፤ እስካሁን ኮሽ አላለም።

መብራት ሲጠፋ ነው የምወደው። ያለ አምፕ ለአንድ ክፍል የሚበቃ ድምፅ አለው፣ ጎረቤት አይቀሰቅስም። ላዩ ለስላሳ የሆነ ወፍራም ክር ስላደረግኩለት ድምፁ ደረቅና አጭር ነው። እናቴ ቡና እያፈላች ሰማችና፣ «ይኼስ ክራር ክራር ይላል» አለች። ያን ሌላውን ጩኸታሙን ጊታሬን አንድ ቀንም አድንቃልኝ አታውቅም።

እሱን ክር እዚህ አላገኘሁትም። የአክስቴን ልጅ ለገና እንዲመጣ እየለመንኩት ነው።