ከመሸጡ በፊት ለጠየቀን ባለሙያ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ብዙ ጊዜ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ግን ዝም ብል ሕሊናዬ እሺ አይለኝም። ለልጄ የጌም ኮምፒውተር የገጠመለትን ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን አለብኝ። ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራውን ክፍል፣ ለመምረጥ ግራ የገባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህቺን አንብቡልኝ።

መጀመሪያ የደረሰብንን ልንገራችሁ። የቀድሞውን ኮምፒውተር የገዛነው «አዲስ ነው፣ ፕሮሰሰሩም ከሁሉም የበላይ ነው» ተብለን ነው። ፊቱ ላይ የተለጠፈው ምልክትም ትልቅ ስም ነበረው። የፕሮሰሰር ስሙ ሳይቀየር ትውልዱ በየጊዜው እንደሚቀየር ያኔ ማን ይንገረኝ? ስሙ ትልቅ፣ ትውልዱ ግን ያረጀ ነበር። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ሊያቆም ነው ሲባል ልጄ ዊንዶውስ 11 ልጫን ቢል ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለው። በ«አዲስ» ዋጋ አሮጌ መግዛታችንን ያወቅነው ያን ቀን ነው።

ልጄ ከተማ የሚገነባበት ጌም ይወዳል። መንገድ ይዘረጋል፣ ባቡር ያስገባል፣ ሰው ያሰፍራል። ሲጀምር ደህና ይሄዳል። ከተማው ሰው ሲሞላና መኪና ሲበዛ ግን ቀጥ ይላል። ወደ ሌላ ኮምፒውተር ቤት ወሰድነው። ሳይከፍቱት «ችግሩ ሥዕሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ነው» አሉንና አዲስ ካርድ ሸጡልን። ልጄ የትምህርት ቤት እረፍቱን የሰው ልጆች ሒሳብ እያስጠና ያጠራቀመው ገንዘብ እዚያ አለቀ። ማታ እቤት ስንከፍተው ያው ነው። ከተማው ሲሞላ ያው ይቆማል። ተመልሼ ብነግራቸው «ልጅሽ ጌም አብዝቶ ነው» ብለው ሳቁብኝ። ሦስተኛው ቤት ደግሞ ዞር ብሎም አላየው፤ «ይሄ ተጥሎ በጣም ውዱ ነው የሚገዛው» ብሎ ወረቀት ላይ ዋጋ ጽፎ ሰጠኝ።

ከሁሉም ያመመኝ ግን የልጄ ዝምታ ነው። «ይቅር እማ፣ ድሮም አያስፈልገኝም ነበር» አለኝ። ያ ልጅ ገንዘቤን ያባከነው እሱ የሆነ ያህል ተሰምቶት ነበር። እናት የሆነ ሰው ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ኮምፒውተር አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ማታ ማታ ክፍሉ ጨልሞ ሳየው ሆዴ ይባባ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ ናት ወደዚህ ባለሙያ የላከችኝ። እውነቱን ለመናገር ተስፋ ቆርጬ ነው የሄድኩት። የተጻፈልኝን ወረቀት አውጥቼ «ይህን ገጥምልኝ» አልኩት። አየው፣ አጠፈውና መለሰልኝ። «እትዬ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ» አለኝ። ከዚያ እኔን ትቶ ወደ ልጄ ዞረ። ምን እንደሚጫወት ጠየቀው። ስክሪኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀው። «የሚንቀራፈፈው ገና ሲከፈት ነው ወይስ ከተማው ሲሞላ?» አለው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀን ሰው የለም! ልጄ ቀና ብሎ ሲመልስለት አየሁት።

ቀጥሎ ያደረገውን መቼም አልረሳውም። ኮምፒውተሩን አብርቶ የልጄን ትልቁን ከተማ አስከፈተው። ያው እንደ ልማዱ መንቀራፈፍ ጀመረ። የሥዕሉን ጥራት እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገው። ሕንፃዎቹ ውሃ የነካቸው ሥዕል መሰሉ። ፍጥነቱ ግን ፈቅ አላለም። «አየህ?» አለው። «ሥዕሉን ይህን ያህል አቅልለንለት ካልፈጠነ የደከመው ካርዱ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ነው። ያን ሁሉ ሰውና መኪና የሚያሰላው እሱ ነው።» አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። በአምስት ደቂቃ የሚታወቅ ነገር ያን ሁሉ ወራት አንከራተተን። እንባዬ መጣ። «ካርዱን እንዳትጥሉት፣ ገና ብዙ ያገለግላችኋል» ሲለንማ ልጄ ትከሻው ሲቀልለት አየሁ። የለፋበት ገንዘብ አልባከነም ማለት ነዋ።

ስለ ምርጫው የነገረንን እኔ እንደገባኝ ልጻፍላችሁ። እኔ የምፈልገው ቶሎ የማያረጅ ነበር። «እድሜ ልክ የሚሆን ፕሮሰሰር አለ የሚልዎት ካለ አይመኑት» አለኝ። የሚያዋጣው መቀመጫውን፣ እነሱ ሶኬት የሚሉትን፣ አይቶ መግዛት ነው አለ። ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ ኤኤም 4 የሚባለውን ሶኬት ለዓመታት ይዞ ስለቆየ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ቦርድ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ማለት ነው፣ የገዙ ብዙ ሰዎች ባዮሱን፣ ቦርዱን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ አድሰው በ2022 የወጣ ፕሮሰሰር ቀይረውበታል። ቦርዱን ሳይጥሉ ማለት ነው። አሁን ያለው ኤኤም 5 ነው፤ በ2022 ወጣ፣ ኩባንያውም ቢያንስ እስከ 2027 እንደሚደግፈው ተናግሯል። ስለዚህ ነገ ልጄ ቢያስፈልገው ፕሮሰሰሩን ብቻ አውጥቶ አዲስ ያስገባል። ሜሞሪው ግን ዲዲአር 5 የሚባለው አዲሱ ዓይነት መሆን ስላለበት የድሮው አይሆንም ብሎ አስቀድሞ ነገረን። ይህን የመሰለ ወጪ ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የሚነግራችሁ ስንት አለ መሰላችሁ።

ወረቀቱ ላይ የነበረው ፕሮሰሰር ባለ 16 ኮር ነበር፤ ኮር የሚሉት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን የሚያሰላ ክፍል ነው። እሱ 8 ይበቃል አለ። 16 ኮር ቪዲዮ ለሚያቀናብርና እንደዚያ ያለ ከባድ ሥራ ላለው ነው፤ ፕሌይስቴሽን 5ም ሆነ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ የሚባሉት የጌም መጫወቻዎች እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ 8 ኮር ስለሆኑ ጌም ሠሪዎቹም ያንን አስበው ነው የሚሠሩት አለን። የመረጠልን ራይዘን 7 7800 ኤክስ ስሪዲ ይባላል። ካሽ የሚባል ነገር ብዙ አለው፣ 96 ሜጋባይት። ምን ማለት ነው ስለው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ብሎን መፍቻዎች አሳየኝ። «እነዚህ ጓዳ ቢሆኑ ለእያንዳንዷ ብሎን እየተነሳሁ እመላለስ ነበር። እጄ ሥር ስላሉ ግን ሥራው አይቆምም። ካሽም እንደዚያው ነው።» እንዲህ ያለው ከተማ የሚገነባበት ጌም በዚህ በጣም ይጠቀማል አለ። ከዚህ ያለፈውን እነሱ ሲያወሩ እኔ ዝም ብዬ ነው የሰማሁት። ሊሸጥልኝ የሚችለውን ውዱን ትቶ የሚበቃንን መምረጡ ግን በደንብ ገብቶኛል። እኔ እኮ ገንዘቡን ይዤ ነበር የሄድኩት። ቢለኝ ኖሮ እከፍል ነበር።

ሲገጥም ደግሞ ልጄን ጠራው። እጁን አስታጠበው፣ የሰውነቱ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው የሳጥኑን ብረት አስነካው፣ ከዚያ ፕሮሰሰሩን በጠርዙ አስያዘው። ሶኬቱ ላይ ያለውን የብረት ክንድ አነሳለት። «ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን አየሃት? ከቦርዱ ምልክት ጋር አግጥማት። አትጫነው። ቦታውን ካገኘ ራሱ ይቀመጣል።» ልጄ ትንፋሹን ውጦ አስቀመጠው። ቁጭ አለ። እኔ ቆሜ ሳይ ሕፃን የሚያስተኛ ነበር የመሰለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ቀረና ልቤ ቀጥ አለች። እሱ ግን «ሜሞሪውን እያስተካከለ ነው፣ አይደንግጡ» ብሎ ቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር እንደምንም ጠበቅሁ። በራ! ልጄ አቀፈኝ።

ያ ትልቁ ከተማ አሁን ሳይቆም ይሄዳል። ትናንት ማታ ጠርቶኝ ባቡሮቹን አሳየኝ፤ ሰዎቹ ሲወርዱ ሲሳፈሩ፣ መኪናው ተሰልፎ ሲያልፍ። ወንበር ስቦልኝ አብሬው አመሸሁ። ስንት ጊዜ ሆኖን ነበር እንዲህ ካወራን።

ባለሙያው ስሜን በይፋ እንዳትጽፉ ብሎ ስለለመነኝ አልጽፍም። የምትፈልጉ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። እባካችሁ ሂዱ። ባትገዙ እንኳ ጠይቁት፤ አይሰለችም፣ አያንኳስስም። ስትሄዱ ምን እንደምትጫወቱና ስክሪናችሁ ምን እንደሆነ አውቃችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ሌላ ቦታ ከሄዳችሁም ቢያንስ የፕሮሰሰሩን ትውልድና ሶኬቱን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

አንተ ልጅ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። እጅህ ይባረክ። ለልጄ ያሳየኸውን ክብር ለልጆችህ ይክፈልልህ።